ስብ ሁሉ አንድ በሆነበት አገር

የዚያን አገር ሰዎች ለረጅም ዘመን ያጋደላቸው መሬት አልነበረም፤ ውሃም አልነበረም። ስብ ነበር። የደጋው ሰዎች ቅቤና የበግ ላት ይበሉ ነበር። በባሕሩ ዳርቻ የሚኖሩት ደግሞ ከአንድ ትልቅ ቅርፊታም ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ይበላሉ። ደገኞቹ የባሕሩ ዘይት ሰውነት ውስጥ አይቀርም፣ እንደገባ ይወጣል፣ የሚበላው ሰውም ቃሉ እንደ ዘይቱ አይጨበጥም ይሉ ነበር። የባሕሩ ሰዎች በበኩላቸው ቅቤ ሆድ ውስጥ ረግቶ ይቀራል፣ የሚበላው ሰውም ልቡ አብሮ ይረጋል ይላሉ። ነገሩ በአንድ ሠርግ ላይ በተሰነዘረ ቀልድ ተጀመረ የሚሉ አሉ። በምንም ይጀመር፣ ሲያበቃ በየመንደሩ የተረፉት ወንዶች ሽማግሌዎችና ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ዕርቁ የተደረገው ከሁለቱም ወገን እኩል በምትርቀው ከተማ ነው። የዕርቅ ጉባኤ የሚባል ተቋቋመና አንድ ውሳኔ አሳለፈ፤ ከእንግዲህ ስብ ሁሉ አንድ ነው። የሁሉም ስብ ወደ ከተማዋ እየመጣ በአደባባዩ ላይ በተተከለው ታላቅ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ይቀልጣል፤ ይማሰላል፤ ለሁሉም በአንድ ጭልፋ እኩል ይሰፈራል። ቅቤ እና ዘይት የሚሉት ቃላት ከማንም አፍ እንዳይወጡ ተከለከሉ። አምልጦት የተናገረ ሰው ድስቱ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮው እስኪደርቅ ድረስ "ስብ ስብ ነው" ይላል። ሥጋ ሻጮች ጮማውን እየገፈፉ ለድስቱ ያስረክባሉ፤ ለደንበኛው ቀዩን ብቻ ይሸጣሉ። የሚያጠቡ እናቶች ወተትም ስብ አለበትና ወደ ድስቱ መግባት አለበት የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ጉባኤው ክረምቱን ሙሉ ተከራከረበት። በመጨረሻ ሕፃን ገና የማንም ወገን ስላልሆነ ዕርቅ አያስፈልገውም ተብሎ ታለፈ።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ያለ ማጉረምረም ተቀበለ። ሲቀብር ኖሮ የደከመ ሕዝብ ነበር።

ድስቱን የሚያማስለው ሰው ዋና አማሳይ ይባላል። በአገሩ ከጉባኤው ሹም ቀጥሎ የሚከበረው እሱ ነበር። በዚያን ዘመን ዋና አማሳይ የነበረው ደርበው የሚባል፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ የደጋ ሰው ነው። በጦርነቱ ወንድሞቹን ቀብሯል። ሚስቱንም ከዕርቁ በኋላ በመጣው ወረርሽኝ ተነጥቆ ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ማማሰያውን ሲይዝ እንጀራ እንደሚያበላው ሥራ አያየውም። ማማሰያው በዞረ ቁጥር የሆነ ቦታ አንድ ቂም እንደሚሟሟ ከልቡ ያምን ነበር። ሌላው ሰው "ስብ ስብ ነው" የሚለውን ቃል እንደ ሰላምታ እያነበነበ ያልፋል፤ ደርበው ግን ሲለው ድምፁ ዝቅ ይላል።

ልጁ የውብዳር በአደባባዩ ጥግ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሰው ልብስ ትሰፋ ነበር። ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ሳቋ ከመኪናዋ ድምፅ በላይ ይሰማል፤ ደንበኞቿ ቀሚስ ሲለኩ የሆድ የሆዳቸውን ይነግሯታል። አንድ ቀን ለድስቱ የሚሆን ስብ ጭኖ የሚወጣ ጋሪ ፈረሱ ደነበረና ወደ ኋላ ሲንሸራተት የጋሪው ዘንግ ሆዷን መታት። ትንፋሿ ተቆርጦ ወደቀች። አንሥተው ወደ ቤት ወሰዷት፤ በበለዘው ቦታ ላይ ትኩስ ጨርቅ አደረጉላት፤ ከጊዜ በኋላ ተነሥታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ተረፈች ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ከዚያ ሆዷ መነፋት ጀመረ።

መጀመሪያ ቀሚሷን በጎን በኩል እየተረተረች አሰፋችው። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ክንዷ ግን እየቀጠነ፣ ጉንጯ እየገባ መጣ። ድርሻዋን ጥርግ አድርጋ ትበላለች፤ አቅም ግን የላትም። ቀሚስ ሊያስለኩ የሚመጡት ሴቶች ቀሚሳቸውን ትተው የእሷን ወገብ በዐይናቸው መለካት ያዙ። ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ሰው የሚለው የታወቀ ነው። ወሬው ደርበው ጆሮ ደረሰ። ሊጠይቃት እየፈለገ አፉ እንቢ አለው፤ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ምጣዱን፣ ግድግዳውን፣ የገዛ እጁን ያያል።

እሷ ቀደመችው። "አባዬ፣ የምታስበውን አውቃለሁ" አለችው። "አይደለም።"

አመናት። አምኗትም፣ እሷ እስክትናገር በመጠበቁ አፈረ። በማግሥቱ ክንዷን ይዞ በሰው መሐል እያለፈ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ሐኪሟ ስንቅነሽ ትባላለች። ዕርቁ ሳይመጣ ሩቅ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ጠጉሯ ሽበት የጀመረው ሴት ናት። ጉባኤው ብዙም አይወዳትም፤ ሰው ምን እንደበላ አጥብቃ ስለምትጠይቅ። የውብዳርን አስተኝታ ሆዷን በጣቷ አንኳኳች፤ ከዚያ በረጅም መርፌ ከሆዷ ጥቂት ፈሳሽ ቀዳች። ደርበው ደም ወይም መግል ሲጠብቅ በብርጭቆው ውስጥ የወረደው ነጭ ነበር። ወተት የመሰለ ነጭ።

ስንቅነሽ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። አስቀመጠችውና ልጅቷን እንድታርፍ ነግራ አባትየውን ወደ ግቢዋ ይዛው ወጣች። በግቢው በአንድ ወገን የተፈለጠ ግንድ ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን ጠማማ ቅርንጫፍ ተከምሯል። እዚያ ቆማ፣ በዚያ አገር ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ነገር ነገረችው።

ስብ ሁሉ፣ አለችው፣ ዐይን ከማያያቸው ቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ በአንድ እጀታ ላይ የተሰኩ። አንዳንዱ ዘንግ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። እንደዚህ ፍልጥ ተጠጋግቶ ስለሚደረደር ይረጋል፤ በደጋው ስብ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው። አንዳንዱም ረጅም ነው፤ ግን መሐሉ ላይ ታጥፏል። እንደዚያ ቅርንጫፍ አልደረደር ስለሚል በብርድ እንኳ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፤ ደጋ ላይ የሚበቅለው የኑግ ዘይት እንዲያ ነው። በባሕሩ ፍሬ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቦታ እንዲህ በብዛት የማይገኙ አጫጭሮች አሉ። ሆድ ሲገቡ ሐሞት ይበትናቸዋል፤ ሆድ ራሱ የሚያመነጫቸው ቆራጮችም ከእጀታቸው ይነቅሏቸዋል።

"እዚህ ድረስ ሁሉም አንድ ዕጣ ነው ያላቸው" አለች። "ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል።"

አጭሩ የማንንም እርዳታ ሳይሻ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ረጅሙ እንዲያ አይሆንለትም። ቀጥ ካሉት ረጃጅሞች አንዳንዱ ገና በመንገዱ ምግብ ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተጣብቆ እንደ ሳሙና ሆኖ ይወጣል። የሚያልፈውን የአንጀቱ ግድግዳ መልሶ ሦስት ሦስት እያደረገ ይሰካዋል፤ በትንንሽ ጥቅል ጠቅልሎ ከደም ሥር በተለየ ስስ ቧንቧ ይልከዋል። ሰው ስብ በበላ ጊዜ ያ ቧንቧ ነጭ ይሆናል። ሐኪሟ የወተት መንገድ አለችው። የጋሪው ዘንግ የበጠሰው እሱን ነው። የውብዳር ከድስቱ የበላችው ስብ ወደ ሰውነቷ ሳይደርስ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ እየበላች የምትራበውም ለዚህ ነው።

ደርበው እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ከድስቱ መብላት ማቆም አለባት አለችው። የባሕሩ ዘይት ሳይቀላቀል ይምጣልኝ፤ እኔ ከውስጡ አጭር አጭሩን ለይቼ አወጣለሁ፤ እሱን ብቻ እየበላች የተበጠሰው መንገድ ካረፈ ራሱን ይጠግናል።

ደርበው ፊቱ ጠቆረ። "ወንድሞቼ የሞቱት በዚህ ንግግር ነው" አላት።

"ወንድሞችዎ የሞቱት ይሄ ይበልጣል፣ ያ ይበልጣል ሲባል ነው" አለች ስንቅነሽ። "እኔ ይበልጣል አላልኩም። ይለያያል ነው ያልኩት።"

"የሁለቱ ንግግር ልዩነት ምንድን ነው?"

በዚያ አገር ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረም።

ደርበው ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ባለው መንገድም ሊያድናት ሞከረ። ዋና አማሳይ በመሆኑ ከድስቱ ሥር የሚቀረው ስብ የእሱ ነው። የእሱንም ድርሻ ለእሷ ጨመረላት። በገዛ እጁ እያጎረሰ፣ "ብዪ የኔ ልጅ፣ ጉልበት ይሆንሻል" ይላታል። እሷም እንዳይከፋው ትውጥለታለች። ባጎረሳት መጠን ሆዷ ይወጠራል፤ ባጎረሳት መጠን ፊቷ ይገረጣል። የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቃታት። ተኝታ መተንፈስ ከብዷት በትራስ ተደግፋ ታድር ጀመር። አንድ ጠዋት ጉርሻውን ይዞ እጁን ሲዘረጋ አፏን ከፈተች፤ ግን ዐይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር። ደርበው ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። የሚያጎርሰው እጁ መሆኑን፣ የሚያጎርሳትም ሞቷን መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ።

መልሶ ወደ ሐኪሟ ወሰዳት፤ ሐኪሟ ከሆዷ ፈሳሹን ስትቀዳላት ደርበው አጠገቧ ቆመ። ነጩ ፈሳሽ አንድ ማሰሮ ሞላ። ደርበው ከዚያ ወጥቶ የባሕሩ ጭነት ወደሚራገፍበት በር ሄደ።

የባሕሩን ጭነት የምታመጣው ወለላ የምትባል ጠና ያለች ባልቴት ነበረች። ባሏን የገደሉት ደገኞች ናቸው። ለዓመታት ደርበው በሩ ላይ ቆሞ ጭነቷን ሲቀበል፣ እሷም ስታስረክብ፣ በመካከላቸው ከሰላምታና "ስብ ስብ ነው" ከሚለው የመሐላ ቃል በስተቀር ሌላ ንግግር አልነበረም። ያን ቀን ወደ ጎን ወሰዳትና ወደ ድስቱ ሳይገባ አንድ እንስራ እንደሚፈልግ ነገራት።

"ከየትኛው ነው አቶ ደርበው?" አለች። ስብ ሁሉ አንድ ነውና ጥያቄው ራሱ ወንጀል ነበር፤ ወጥመድ መስሏትም ይሆናል።

ደርበው ዙሪያውን አልተመለከተም። "የባሕሩን ዘይት" አላት።

ወለላ የጋሪዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያንን ቃል ከደገኛ አፍ፣ ያውም በልመና ድምፅ እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ለምን እንደፈለገው ሲነግራት እንስራውን ራሷ ተሸክማ እስከ ሐኪሟ ቤት አደረሰችለት።

ስንቅነሽ በማሞቅና በማቀዝቀዝ፣ እሷ ብቻ በምታውቀው ዘዴ አጭሩን ከረጅሙ ለየች። የወጣው ሽታም ቀለምም የሌለው ነገር ነበር። የውብዳር በገንፎ ላይ እያፈሰሰች፣ ስብ ያልነካው ምስርና የእንቁላል ነጩን እየበላች ከድስቱ ተለየች። ሆዷ አልሞላም። ትንሽ ቆይቶ ጎደለ። ክንዷ ሥጋ ይዞ፣ ድምፅዋ ተመልሶ፣ ተቀምጣ ቁልፍ መትከል ቻለች። ደርበው ቀን ድስቱን ያማስላል፤ ማታ ከድስቱ ያልወጣውን ለልጁ ያቀርባል። በዚያ ሰሞን መሐላውን በሚያሰማበት ጊዜ ድምፁ ከቀድሞው ይበልጥ ዝቅ ማለቱን ሰዎች አስተውለዋል፤ እምነቱ የጨመረ መስሏቸው።

አንድ ችግር ግን መጣ። የውብዳር ቆዳ ደርቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሣ ጀመር፤ ትንሽ ጭረት እንኳ አልድን አላት። ስንቅነሽ አየችና ሰውነት ከአጭሩ ብቻ መኖር አይችልም አለች። ከዚያ ከታጠፈው ረጅም ውስጥ ሰውነት በራሱ መሥራት የማይችለው አለ፤ ጥቂት ካላገኘ ቆዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየቀኑ በማንኪያ ጫፍ ከደጋው የኑግ ዘይት እንድትቀምስ አዘዘችላት፤ ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ እንዳይሆን አስጠንቅቃ። ቆዳዋ ተመለሰ።

ነገሩ በዚህ ተሸፍኖ በቀረ ነበር። ግን ወለላ ደስታ አላስችል አላት። ለእህቷ ነገረች። እህትየዋም ለሌላ። ብዙም ሳይቆይ በባሕሩ ዳርቻ ጎረምሶች የዋና አማሳዩን ልጅ የእኛ ዘይት ከሞት አወጣት እያሉ በአደባባይ ይጨፍሩ ጀመር። ቃሉ ከዕርቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጩኸት ተሰማ። ወሬው ደጋ ሲደርስ ደገኞቹ፣ ልጅቷን ያሳመማት የእናንተው ዘይት ድስቱ ውስጥ ገብቶ ነው አሉ። ያረጁ ቆመጦች ከየጣሪያው ሥር ወረዱ። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ተፈነካከቱ።

የዕርቅ ጉባኤው ተቀመጠ። የጉባኤው ሹም ልሣነወርቅ ይባላል፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹ በጦርነቱ አልቀውበታል፤ ሰላሙ ቢፈርስ ሌላ የሚሞትለት ልጅ ባይኖረውም የሌላው ልጅ እንቅልፍ ይነሣው ነበር። ጉባኤው አስቀድሞ ልጅቷ ታማ አታውቅም ብሎ ወሰነ። ሐኪሟ ነጩን ፈሳሽ በማሰሮ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። በሌላው ቀን፣ ስብ ሁሉ አንድ ስለሆነ፣ ያዳናት ነገር ደግሞ የተለየ ስለሆነ፣ ያዳናት ነገር ስብ አይደለም ተባለ። ይህ ለደገኞቹ ተስማማቸው። የባሕሩ ወገን ተወካዮች ግን፣ የእኛ ስብ ስብ ካልሆነ እኛስ ከማን ጋር ነው የታረቅነው ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። በመጨረሻ ሁሉንም ያስማማ ሐሳብ ተገኘ። የውብዳር በአደባባይ፣ ሁለቱም ወገን እያየ፣ ከድስቱ አንድ ጭልፋ ትጠጣለች። ጠጥታ ከቆመች ስብ ስብ ነው። ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሐኪሟ ስትጠየቅ እውነቱን ተናገረች። መንገዱ እየተጠገነ ነው፤ ግን ገና ስስ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ ቢታገሡ ደግ ነው። አሁን አንድ ጭልፋ ረጅም ስብ ቢወርድበት መልሶ ሊበጠስ ይችላል፤ እንደገና ቢበጠስ ይጠገናል ብዬ አልምልም አለች።

ልሣነወርቅ ደርበውን ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው። "አንዲት ጭልፋ ናት" አለው። "እኔና እርስዎ ስንት እንደከፈልን እናውቃለን። አገር በአንዲት ጭልፋ ከተረፈ ብዙ ነው?"

ደርበው ብዙ አይደለም ሊል አልቻለም፤ ብዙ ነው ሊልም አልቻለም። ወደ ቤቱ ሄዶ ለልጁ ነገራት። የውብዳር የሰውን ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ሰማችውና እጠጣለሁ አለች። የእኔን ሆድ ለማዳን የሌላው ሆድ በጩቤ እንዲወጋ አልፈልግም አለች።

በተባለው ቀን አደባባዩ ጢም አለ። ደገኞቹ በአንድ ወገን ቆሙ፣ የባሕሩ ሰዎች በሌላው። ሁሉም ጋቢውን ከወገቡ በላይ ሰብስቦ ይዟል፤ ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ወለላ ከፊት ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ደርበው ድስቱን አማሰለ፤ ጭልፋውን ሞላ፤ ለልጁ ዘረጋ። የውብዳር እጀታውን ያዘች። ደርበው ግን አልለቀቀም። ሁለቱም ይዘውት ቆሙ፤ ስቡ በጭልፋው ጠርዝ እየተንጠባጠበ።

"አባዬ፣ ልቀቀው" አለችው ቀስ ብላ።

አልለቀቀውም። ከእጇ ወስዶ መልሶ ድስቱ ውስጥ ደፋውና ወደ ሰዉ ዞረ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ፊት ከመሐላው ሌላ ተናግሮ አያውቅም።

"ይህን ድስት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም" አለ። "ስብ ስብ ነው ብያችኋለሁ፤ አምኜ ነው ያልኩት። ግን እሳቱ ሲበርድ ድስቱ ይለያያል። የደጋው ከሥር ይረጋል፤ የባሕሩ ከላይ ይቀራል። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት እሳት አንድጄ አቀልጠዋለሁ፣ አማስለዋለሁ። በማግሥቱ መልሶ ይለያያል። አንድ ቢሆን ኖሮ እኔ ለምን አስፈለግሁ?"

ጭልፋውን የድስቱ ጠርዝ ላይ አኖረው።

"ልጄን ያዳናት የባሕሩ ነው" አለ። በባሕሩ ወገን ጉርምርምታ ሲነሣ እጁን አነሣ። "ቆዳዋ እንዳይሰነጠቅ ያደረገው የደጋው ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል አሁን እዚህ አትቆምም ነበር። የማንም አይበልጥም። ደግሞም አንድ አይደለም። እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ይህን ጭልፋ ግን አላጠጣትም። መጋደል የፈለገ እኔን አልፎ ይጋደል።"

የውብዳር ወደ አባቷ ተጠግታ ቆመች። ያን ጊዜ ወለላ ከወገኖቿ መሐል ወጥታ፣ ለማንም ምንም ሳትል፣ ባዶውን ሜዳ አቋርጣ በልጅቷ በሌላው ጎን ቆመች። የባሏ ወንድሞች ሲጠሯት አልዞረችም። ሐኪሟም መጣች።

ሰዎቹ ለረጅም ጊዜ ባሉበት ቆሙ። ለጠብ የሚሆን ነገር ጠፍቷቸው ነበር። ደገኛው ከንግግሩ ግማሹ ያኮራዋል፣ ግማሹ ያሳፍረዋል፤ የባሕሩም ሰው እንዲሁ። ግማሽ ይዞ ቆመጥ ማንሣት አይመችም። ፀሐዩ ሲከርር ከኋላ ያሉት መበተን ጀመሩ፤ ከዚያ ከፊት ያሉትም።

ጉባኤው ግን እንዲህ ያለ ነገር ሳይወስን አያልፍም። ለረጅም ጊዜ ከመከረ በኋላ ውሳኔውን አሰማ። ስብ ሁሉ እንደ ወትሮው አንድ ነው። ሐኪሟ የምታወጣው ነገር ከእንግዲህ "ውሃ" ይባላል፤ ሆዱ ነጭ ፈሳሽ የሚቋጥር ሰው "ጥማት" ያዘው ይባላል፤ የተጠማም ሰው ከሐኪሟ ውሃ መቅዳት አይከለከልም። ስንቅነሽ የአገሩ ውሃ ቀጂ የሚል ማዕረግ ተሰጣት። ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አልነበራትም፤ ገና በዚያው ሳምንት ከሩቅ መንደሮች ለዓመታት ሆዳቸውን ደብቀው የኖሩ የተጠሙ ሰዎች በደጇ መሰለፍ ጀመሩ። ደርበውን በተመለከተ ደግሞ፣ ስብ አንድ ከሆነ አማሳይ አያስፈልግም ማለቱ ትክክል ነው ተባለ። ስብ አንድ ስለሆነም የዋና አማሳይነት ሹመት ቀረ። ማማሰያውን ወስደው የጉባኤው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ስለዚህ ድስቱ ሳይማሰል ቀረ። ማለዳ ከሥሩ ትንሽ እሳት ይነድዳል፤ ጭልፋው ከላይ ከላይ ይቀዳል። ቀድሞ የተሰለፈ ሰው የሚደርሰው ፈሳሹ፣ የባሕሩ ነው። ረፈድ አድርጎ የመጣ የረጋውን ያገኛል። ለማንም ሳይነገር የባሕሩ ሰዎች በማለዳ መምጣት ለመዱ፤ ደገኞቹም የቤታቸውን ጉዳይ ጨርሰው ረፋዱ ላይ ይመጣሉ። ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። ጭልፋውን ሲቀበሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ስብ ስብ ነው" ይላሉ። ሰላሙ ጸና።

ደርበው ሥራ አጥቶ ቤቱ ዋለ። እጁ መዞር ለምዶ ስለነበር የልጁን የስፌት መኪና መዘውር ማዞር ጀመረ፤ እሷ ጨርቁን ትመራለች፣ እሱ ያዞርላታል። ክረምቱ ወጣ። ስንቅነሽ የውብዳርን ሆድ ደጋግማ አንኳኳችና፣ መንገዱ የገጠመ ይመስለኛል፣ አሁን በልታ ማየት ነው አለች።

አባትና ልጅ ድስቱ ዘንድ ሄደው ሰልፉ መሐል ገቡ። ደርበው በሕይወቱ ተሰልፎ አያውቅም። የደረሳቸው ከፈሳሹም ከረጋውም የተደባለቀ ነበር። የውብዳር ቤቷ ተቀምጣ በላችው፤ ጣቷን ሳይቀር ላሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደርበው መዘውሩን እያዞረ ዐይኑ ከወገቧ ላይ አይነሣም። ስትቀመጥ ያያል፤ ስትነሣ ያያል። ቀሚሷ የሰፋ ሲመስለው ልቡ ይርዳል፤ የነፋሱ መሆኑን ሲያውቅ ይተነፍሳል። ጠዋት ከእንቅልፏ ሳትነቃ በብርድ ልብሱ ላይ ሆዷን ይገምታል። ሆዷ እንደነበረ ነው፤ ፊቷ ግን እየሞላ መጣ፤ እሱ ብቻ አላየውም።

አንድ ቀን የውብዳር መርፌውን ከጨርቁ ላይ አንሥታ መኪናውን አቆመች። እጁ መዘውሩን ሲያዞር እጇን እጁ ላይ አደረገችና አስቆመችው።

"አባዬ" አለችው፣ "ሰዉ ሁሉ ሆዴን ሲያይ ከርሟል። አንተ እንኳ ፊቴን እየኝ።"

ደርበው ቀና ብሎ ፊቷን አየ።